ከባሕር ዳር ላሊበላ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በረራውስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የጣና ልጅ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴን ለገና ላሊበላ ልወስዳት አስቤያለሁ። 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት። የምንኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ በመኪና መሄድ እንችላለን። ግን ስድስት ሰባት ሰዓት መኪና ውስጥ ላስቀምጣት አልፈልግም።

ግራ የገባኝ የበረራው ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ ገጽ 14 ደቂቃ አለኝ። ሌላው 44 ደቂቃ አለ። ሦስተኛው በአዲስ አበባ አዙሮ ግማሽ ቀን አደረገው። ኪሎ ሜትሩም እንደዚሁ ነው፤ 185 የሚል አለ፣ 300 የሚል አለ። የቱን ልመን? እናቴ ቁርጡን ካላወቀች ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም። “ይህን ያህል ነው የምትቀመጪው” ብዬ ልነግራት እፈልጋለሁ።

መምህር ሒሳብ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:02

ሁለቱም ኪሎ ሜትር ልክ ነው። 185ቱ የአየር፣ 300ው የመንገድ ነው።

185 ከየት እንደመጣ ላሳይህ፤ ወረቀት ላይ ራስህ ልታሰላው ትችላለህ። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በኬክሮስ 11.61 ሰሜን፣ በኬንትሮስ 37.32 ምሥራቅ ላይ ይገኛል። የላሊበላው 11.98 እና 38.98 ላይ ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 0.37 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ ሰሜን 41 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.66 ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ደግሞ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ይጠብባል፤ እኛ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስታባዛው ወደ ምሥራቅ 181 ይመጣል። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ፓይታጎረስ አስታውስ። የ41ና የ181 ካሬ ተደምሮ፣ ካሬ ሥሩ ሲወሰድ 185 ግድም ነው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ የምድር ክብነት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም።

አብራሪዎች የሚቆጥሩት በኖቲካል ማይል ነው። አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር ላሊበላ 100 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር ስለማይገኝ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይህንኑ ነው በምሳሌነት የምሰጣቸው።

14 ደቂቃ ያለህ ገጽ 185ን ለ800 አካፍሎ ነው። 800 የትልቅ ጄት ፍጥነት ነው፣ ያውም ከፍ ብሎ ከተስተካከለ በኋላ። 44 ያለው እዚያው ላይ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ 30 ደቂቃ ጨምሮበት ነው። ሁለቱም መንገዱን አያውቁትም።

ራምፕ ላይ የኖርኩ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4:20

መምህር ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ የጊዜውን ልንገርህ፤ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

በእነዚህ አጫጭር መስመሮች ላይ በብዛት የምታገኘው ኪው 400 ነው፤ ባለ ስድስት ምላስ ፕሮፔለር ያለው። አገራችን የገባው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 667 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ግን 185 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲወጣ ቀስ ይላል። ሲወርድም ቀስ ይላል። መሀሉ በጣም አጭር ነው።

ከፍታውን ደግሞ አስበው። ባሕር ዳር ማረፊያው 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ጉና አለ፣ ከ4100 ሜትር በላይ። ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ አለ፣ ከ4200 ሜትር በላይ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ በደንብ መውጣት አለበት። ወዲያው ደግሞ 2000 ሜትር አካባቢ ላለው የላሊበላ ማረፊያ መውረድ ይጀምራል። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ታይቶ መንደርደሪያውን ዞሮ የሚገባበት ቀንም አለ። ስለዚህ ከመሬት ከለቀቀ እስኪነካ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ብለህ ያዝ።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን ይህ አይደለም። እዚያ የሚጻፈው በሩ ተዘግቶ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለው ነው። መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ የሚሄድበትና ተራ የሚጠብቅበት ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ 35፣ 40 ደቂቃ ብታይ አትገረም።

ከሁሉ በፊት ግን ለምትሄድበት ቀን ቀጥታ በረራ መኖሩን አረጋግጥ። የአገር ውስጥ ሰሌዳ በየወቅቱ ይቀያየራል። ቀጥታው ከሌለ የምታስበው ሒሳብ ሌላ ነው።

የጣና ልጅ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2:40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ዛሬ ትኬት ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ለምፈልገው ቀን ቀጥታ የለም። በአዲስ አበባ በኩል ነው ያለው። ላሊበላ እኮ ጎረቤታችን ናት! ወደ ደቡብ ሄጄ እንደገና ወደ ሰሜን መመለስ ትንሽ ከበደኝ።

መምህር ሒሳብ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3:11

ካርታ ላይ ሦስቱን ከተሞች በመስመር አገናኛቸው። ከቦሌ ባሕር ዳር 333 ኪሎ ሜትር ነው። ከቦሌ ላሊበላ 332። ሁለቱም ከአዲስ አበባ እኩል ይርቃሉ ማለት ይቻላል። ባሕር ዳርና ላሊበላ የሦስት ማዕዘኑ አጭር ጎን ናቸው።

በአዲስ አበባ ስትዞር 665 ኪሎ ሜትር ትበራለህ። ከቀጥታው ሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል።

ድሬ ሰው | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6:30

እኛም ጋ ሰዎች እንዲህ እያሉ ይጠይቃሉ። ከድሬዳዋ ጅግጅጋ በአየር 120 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገድ 160 ገደማ። ደንገጎን ወጥተህ፣ ሐረርን አልፈህ ትደርሳለህ። ልዩነቱ 40 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለአውሮፕላን የሚታሰብ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያ ገብተህ እስክትፈተሽ ሐረር ቡናህን ትጠጣለህ። እናንተ ጋ ግን 185ቱ 300 ሆኗል። ተራራው ነው እንዲህ ያደረገው።

ጋሽ ላስታ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1:05

ልጄ፣ እናትህን ላሊበላ ለማድረስ ማሰብህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ያንን መንገድ በመኪናም በአየርም አውቀዋለሁ።

በመኪና ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ሜዳ ነው። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ። ከዚያ ወደ ወልዲያ የሚወስደውን እኛ ቻይና መንገድ ነው የምንለው፤ ቻይናዎች ስለሠሩት ነው። ደብረ ታቦር ከወረታ 42 ኪሎ ሜትር ነው። በጉና ግርጌ ታልፋለህ፣ ብርዱ ያኔ ይጀምራል። ነፋስ መውጫ ስሟን የምታገኝበትን ምክንያት ወርደህ ብትቆም ታውቀዋለህ። ከዚያ ጨጨሆ ነው። ጨጨሆ ላይ መንገዱ በገደል አፋፍ ይሄዳል። ጋሸና ደርሰህ ወደ ግራ ታጥፈህ 64 ኪሎ ሜትር ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ። የሰው ወገብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

በአየር የሄድኩት በ1980ዎቹ ነው፣ በትንሿ ትዊን ኦተር። ያኔ በሰሜን መስመር አውሮፕላኑ እንደ አውቶቡስ ነበር። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እያወረደ እየጫነ ይሄዳል። ከባሕር ዳር ተነስተህ ፊትህን ወደ ምሥራቅ ስታዞር ጣና ከኋላህ ይቀራል። በግራህ ደብረ ታቦር፣ በቀኝህ ጉና ይታያል። መስመሩ በሁለቱ መሀል ያልፋል። ከጉና ወዲያ መሬቱ ይሰነጣጠቃል። የተከዜ መነሻዎች ናቸው። በመኪና ቀኑን ሙሉ የምትዞራቸውን ገደሎች ቁልቁል ታያቸዋለህ። አያቴ ይህን መንገድ ለገና በእግሩ እንደሚሄድ አስታወስኩና እንባዬ መጣ።

ቀጥታ ካገኘህ መስኮት አጠገብ አስቀምጣት።

ወንበሩ ይቁጠር | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3:30

እኔ ከመኪናው ጎን ነኝ። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በአዲስ አበባ ከሄደ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማረፊያው ይገኛል። አንድ ሰዓት ይበራል። ቦሌ ላይ በትንሹ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። ሌላ አንድ ሰዓት ይበራል። ከላሊበላ ማረፊያ ከተማው ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፣ ጠመዝማዛ ነው። ሻንጣውን ጨምሮ አንድ ሰዓት ስጠው። ስምንት ሰዓት ሆነ! መኪናው ስድስት ሰባት ሰዓት ነው። ደብረ ታቦር ምሳ በልቶ፣ ጋሸና ሻይ ጠጥቶ መግባት ይችላል። ገንዘቡም ይቀርለታል።

ራምፕ ላይ የኖርኩ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 4:02

ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም ለጤነኛ ሰው መኪናውን እመክር ነበር፣ በቅድሚያ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሰሞን ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቆ። ይህን ሳይጠይቅ ማንም አይነሳ።

ግን ጥያቄው የ71 ዓመት እናት ናቸው። ስምንቱ ሰዓት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቦሌ ውስጥ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ማለት መራመድ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ነው። ሳይንቀሳቀሱ የሚቀመጡት አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። መኪናው ውስጥ ግን ጉልበት ታጥፎ በየኩርባው እየተወዛወዘ ነው። ለጉልበት ሕመምተኛ ሰዓቱን አትቁጠሩላቸው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ታስረው እንደሚቀመጡ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ነገር አትርሳ። ባሕር ዳርም ላሊበላም ከአውሮፕላኑ በደረጃ ወርደህ በእግርህ ሜዳውን አቋርጠህ ነው የምትገባው። ቲኬት ስትቆርጥ ዊልቼር ጠይቅ። እዚያው ሄደህ ከምትጠይቅ አስቀድሞ መመዝገቡ ይሻላል።

ነጭ ጋዋን | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 1:50

ነርስ ነኝ። ስለ ደም ግፊቱ አንድ ነገር ልበል።

ሰዎች አውሮፕላኑ ስለሚወጣበት ከፍታ ይፈራሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ግን ታፍኖ ነው የሚያዘው። ውስጡ ያለው ሰው የሚሰማው ቢበዛ 2400 ሜትር አካባቢ እንደቆመ ያህል ነው። በአጭር በረራ ላይ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ላሊበላ ከተማዋ ራሷ 2500 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ዳር ደግሞ 1800። ስለዚህ ለእናትህ የሚከብደው በረራው ሳይሆን ከደረሱ በኋላ ያለው ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ። ከገና ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ይግቡና ይረፉ። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ በሚጫነው ሻንጣ ፈጽሞ አይግባ።

በነገራችን ላይ ጾም ነው። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር የሚወስዱ ከሆነ ያንንም ሐኪማቸውን ጠይቃቸው።

ቨርጂኒያ ነኝ | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 5:25

ከዚህ ከአሜሪካ ሆኜ ነው የምጽፈው። ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ የሰዓት አቆጣጠር።

ከሦስት ዓመት በፊት አክስቴን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ቲኬት ቆርጬላት ነበር። ቲኬቱ ላይ 07:20 ይላል። በስልክ “ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው” አልኳት። እዚህ ስኖር እንደዚያ መቁጠር ለምጄ ነበር። እሷ ቤቷን ቆልፋ፣ ስንቋን ይዛ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ማረፊያው ደረሰች። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1:20 ሄዷል። ያን ቀን በስልክ ስታለቅስ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቲኬቱ ላይ ካለው ስድስት ቀንስና በእኛ ሰዓት በትልቁ ጽፈህ ለእናትህ ስጣት። 07:20 ማለት ከጠዋቱ 1:20 ነው። 13:10 ማለት ከቀኑ 7:10። ቀኑንም በእኛ ጻፍላት። ስሟም መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር በፊደል ይመሳሰል፣ የአያት ስም ሳይቀር።

ከውጭ የምትመጡ ደግሞ የአገር ውስጡን ቲኬት ከዓለም አቀፉ ጋር አብራችሁ ስትቆርጡ ዋጋው ይቀንስ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ሙሉውን ይከፍላል።

የጎንደር እንግዳ | ኅዳር 12፣ ከቀኑ 8:14

ከጎንደርስ? ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ሄዶ ከዚያ ላሊበላ መብረር ያዋጣል?

መምህር ሒሳብ | ኅዳር 12፣ ከቀኑ 9:00

ከጎንደር አፄ ቴዎድሮስ ማረፊያ ላሊበላ 178 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕር ዳሩ ጋር ተቀራራቢ። ጊዜውም ያው ነው። በመንገድ ግን 350 ገደማ ነው፤ ወደ ወረታ ወርደህ ስለምትዞር። ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር 102፣ በመንገድ ከ175 በላይ ነው። ቀጥታው መስመር ጣናን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል፣ መኪናው ግን ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ይዞራል። ላሊበላ ለመሄድ ብሎ መጀመሪያ ጎንደር መውጣት ትርጉም የሚኖረው ጎንደርንም ማየት ለፈለገ ሰው ነው።

የጣና ልጅ | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1:30

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፣ ለእናቴም አነበብኩላት። ጋሽ ላስታ የጻፉትን ሁለቴ አስደገመችኝ። በአዲስ አበባ በኩል እንሄዳለን። ግን በአንድ ቀን አይደለም። ታኅሣሥ 25 አዲስ አበባ ገብተን እህቴ ቤት እናድራለን፣ በ26 ጠዋት ላሊበላ። ዊልቼሩን አስመዝግቤያለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቅዬላታለሁ።

ወንበሩ ይቁጠር፣ ብቻዬን ብሆን የአንተን መንገድ ነበር የምይዘው።

የጣና ልጅ | ጥር 4፣ ከምሽቱ 2:50

በሰላም ሄደን በሰላም ተመለስን። ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም ልጻፈው።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከመሬት ከለቀቅን እስክንነካ 46 ደቂቃ። በሩ ከተዘጋ እስኪከፈት 59። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአየር ላይ 47፣ በአጠቃላይ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። መምህር እንዳሉት ሁለቱም እኩል ናቸው። ከላሊበላ ማረፊያ ከተማው 50 ደቂቃ ፈጀብን፣ የገና ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ላይ በእግራቸው የሚመጡ ምእመናን ብዙ ነበሩ። ሾፌሩ በየቦታው ቀስ እያለ ያሳልፋቸው ነበር። እናቴም መስኮቱን ከፍታ “እንኳን አደረሳችሁ” ትላቸው ነበር።

ነርሷ ልክ ነበረች። በረራው ምንም አላላትም። በመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ላይ ነው ትንፋሽ ያጠራት። ሁለት ቀን አረፍን። በ29 ንጋት ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ቤተ ማርያም አጠገብ ቆማ ሰማች፤ ከፍ ብለው ማሜ ጋራ ላይ የቆሙትን ካህናት እያየች።

ጋሽ ላስታ፣ ጉናን አላየነውም፣ በዚያ በኩል አላለፍንም። ቀጥታ በረራ ስናገኝ በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣታለሁ፣ ቃሌ ነው።

ደቂቃውን እኔ በስልኬ ስይዝ እናቴ በራሷ መንገድ ስትቆጥር ነበር። ከአዲስ አበባ ስንነሳ የዕለቱን ዳዊት መድገም ጀመረች። ጎማው ላሊበላ ሲነካ መጽሐፉን ዘጋችና ጣቷን መሀሉ ላይ እንዳደረገች ወደ እኔ ዞረች። “ልጄ፣ ገና አጋምሼው ነበር” አለችኝ። የቀረውን ከደረጃው ሥር ዊልቼሩ እስኪመጣ ቆማ ደገመችው።